ከሳሙና አረፋ እስከ ደንገጎ ዳገት

ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ጋቢ አለበሱኝ። ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በግንቦት። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ቆሜ ስለ ታታሪነቴ የተጻፈ ንግግር አዳመጥኩ፤ ግማሹ የእኔ አልነበረም፣ ከእኔ በፊት ለወጣው ሰውዬ የተነበበው ነው። አልከፋኝም። ሥራዬ ከውጭ ሲያዩት የሚታይ ነገር የለውም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በስንት ጊዜ አድጎ ብረቱን እንደሚሰብር በማስላት ነው። ይህን ደግሞ በንግግር አሳምሬ ልናገር ብትል ማን ይሰማሃል።

ትዝታዬን የቀሰቀሰው የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ይሠራል። ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ የማሽን ዘንግ አሳየኝ፤ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ ሆኖ ተቀብቷል። ከብረቷ ትንሿ ቅንጣት ጀምሮ እስከ ሙሉው ማሽን ድረስ በአንድ ስሌት አያይዞታል። “ቀዩ ቦታ ነው ቀድሞ የሚሰነጠቀው፣ እማ ዘይኑ” አለኝ። ደስ አለኝ፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ቀናሁም። እኛ ወር ሙሉ የምንለፋበትን እሱ ሻይ እስኪቀርብለት ይጨርሳል።

“ጭነቱን ማን ነገረህ?” አልኩት።

“ደንበኛው ነዋ።”

“አመንከው?”

ልጁ አስተዋይ ነው፤ አልሳቀብኝም። “ለምን እንዲህ አልሽ?” ብሎ ጠየቀኝ። ለምን እንዳልኩ ልጽፍለት ይኸው ተቀምጫለሁ።

ስሜ ዘይነባ ነው፤ ሰው ሁሉ ዘይኑ ይለኛል። የድሬው መጋላ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጥ ነበር። ቤታችን ኦሮምኛ፣ ጎረቤት ሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፤ ስድቡ ደግሞ በሦስቱም። በደርግ ጊዜ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ በአንድ የመንግሥት የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። የድርጅቱን ስም ልተወው። ደመወዙ ከስሙ በቀር ደመወዝ አይባልም፤ ወረቀቱ ግን ጉድ ነበር፣ አንድ ኩሽኔታ ከስቶር ለማውጣት አራት ፊርማ። ከዚያ ወዲያ በሌሎች ሁለት ፋብሪካዎች የብረት ምርመራ ክፍል ሠርቻለሁ፣ አለቃም ሆኛለሁ። ሙያውን ያገኘሁት ግን እዚያ ጋራዥ፣ ከእትዬ ሰብለ ነው።

እትዬ ሰብለ የመጣችው ድርቁ በጠናበት ጊዜ ነው። ከአንዱ ሶሻሊስት አገር ተምራ ነው የመጣችው፤ የተማረችው ሂሳብ፣ የብረት ሂሳብ። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ የደጋ ሰው ናት። ድሬ ላይ “አንቱ” የሚባል ነገር እንደማይሠራ አታውቅም ነበርና፣ የጋራዡ ዘበኛ የመጀመሪያውን ቀን “አንቺ፣ ማንን ፈለግሽ?” ሲላት ክው ብላ ቀረች ይባላል። በሳምንቱ እሷም ዘበኛውን “አንተ” ማለት ጀመረች። በስብሰባ ላይ ነው እንጂ “ጓድ ሰብለ” የሚላት አልነበረም።

ያን ጊዜ የእርዳታ እህል በባቡር ድሬ ይደርሳል፤ ከድሬ በእኛ መኪኖች ደንገጎን ወጥቶ ወደ ሐረርጌ ደጋ ይሄዳል። መኪኖቹ አሮጌ፣ ዳገቱ ጠመዝማዛ ነው። የኋላ አክስል፣ ማለትም ሞተሩ የሚሰጠውን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ወፍራም የብረት ዘንግ፣ በየጊዜው ይሰበር ነበር። መለዋወጫ የለም። ዳገት ላይ አክስል ተሰበረ ማለት ደግሞ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከኋላ ያለው ገደል ነው። የእትዬ ሰብለ ሥራ የትኛው አክስል ሊሰበር እንደተቃረበ ሳይሰበር በፊት ማወቅ ነበር።

በመጣች በጥቂት ቀን ወደ ቢሮዬ ገባችና “ዘይኑ፣ ሰፋ ያለ ትሪ አለሽ?” አለችኝ። ትሪውን ሰጠኋት። ውኃ ሞላችበት፣ የልብስ ሳሙና በጠበጠችበት። ከክሊኒክ የመርፌ ጫፍ አምጥታ በቀጭን ላስቲክ ከተነፋ ካላማዳሪ ጋር አገናኘችና ጫፉን ውኃው ውስጥ ሰደደችው። የጎማው አየር ቀስ እያለ ሲወጣ ትናንሽ፣ እኩል እኩል የሆኑ አረፋዎች ውኃው ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረው ተሰለፉ። መካኒኮቹም ሾፌሮቹም ተሰብስበው ያያሉ።

“ብረት ውስጡ እንዲህ ነው” አለች። “እያንዳንዷ አረፋ አንዲት አቶም ናት። አሁን እዚህ ጋ እዩ፣ ይቺ ረድፍ መሀል ላይ ተቋርጣለች። ሌላው ሁሉ ልክ ነው፣ እሷ ብቻ ጎደሎ ናት።” ከዚያ በማስመሪያ የትሪውን ጠርዝ በቀስታ ገፋ አደረገች። የተቋረጠችው ረድፍ ሸርተት፣ ሸርተት እያለች ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ሌሎቹ አረፋዎች ከቦታቸው የተነሱ አይመስሉም።

“ትልቅ ምንጣፍ ብቻሽን ጎትተሽ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። “አይሄድልሽም። ጫፉ ላይ እጥፋት ሠርተሽ እጥፋቷን ብትገፊያት ግን ምንጣፉ ሳያውቀው ይሄዳል። ብረትም በዚች ጉድለት ነው የሚተጣጠፈው። ጉድለት ባይኖርበት ማንም አያጣምመውም፣ ቅርጽም አናስይዘውም ነበር። ይህችው ጉድለት ግን ወዲያ ወዲህ ስትመላለስ ከርማ፣ ከብጤዎቿ ጋር አንድ ቦታ ላይ ስትከማች ስንጥቅ ትወልዳለች።”

አብዲ የሚባል ሾፌር ከኋላ ሆኖ “ታዲያ አክስሌን በሳሙና ልጠበው?” አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ናት። አብዲ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ በሦስት ቋንቋ የሚያሾፍ የመልካ ጀብዱ ልጅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱና እሷ እየተነካኩ ነው የኖሩት። እሷን “የአረፋዋ” ይላታል፤ እሷም የመኪናውን ድምፅ ከበሩ ሰምታ “ያ ሳሙና ነጋዴ መጣ” ትላለች።

ሥራውን ያስተማረችኝ እንደ ሕንፃ አድርጋ ነው። ምድር ቤት አረፋዎቹ፣ ማለት አቶሞቹ አሉ። አንደኛ ፎቅ ላይ የብረቱ ፍሬዎች፤ ብረት ሲሰበር ስባሪው ላይ የሚያብለጨልጩት እነሱ ናቸው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስንጥቁ ይኖራል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አክስሉ፣ መኪናው፣ ሾፌሩና ደንገጎ። “የምድር ቤቱን ግርግር ሁሉ ተሸክመሽ ልውጣ ብትዪ ዕድሜሽ አይበቃም” ትለኝ ነበር። “እያንዳንዱ ፎቅ ለበላዩ አንዲት ቁጥር ብቻ ያስረክብ። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ጭነት ነው። ጭነቱን ካላወቅሽ ከታች ያለው ትክክል ሁሉ ዋጋ የለውም።” ይህን የመጨረሻውን ሁለታችንም እንደ ዋዛ ነበር የምናየው፤ ከባዱ ሥራ ምድር ቤቱ ይመስለን ነበር።

ስሌቱን የምሠራው እኔ ነበርኩ። እጀታው እየዞረ የሚያሰላ አሮጌ ማሽን ነበረን፤ ጠዋት ሙሉ ስታዞር ውለህ ክንድህ ይዝላል። አንድ ስሌት ሳልጀምር በፊት ግን “ገምቺ” ትለኛለች። መልሱን ገምቼ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ እሷም የራሷን መዳፍ ላይ ትጽፋለች። ስንጨርስ መዳፋችንን እንከፍታለን። የተሳሳተው ሻይ ይጋብዛል። ብዙ ጊዜ የምጋብዘው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ስትሳሳት ግን ደስታዋ ልክ የለውም፣ “አየሽ፣ ብረቱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ነው” ትላለች። እንዲህ የሚደሰት አለቃ ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም። የኋላ አለቆቼ ሲሳሳቱ እኔን ነበር የሚቆጡት።

“አይሰበርም” የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። “እስካሁን አልተሰበረም” ነው የምትለው። ሌላው ልማዷ የተሰበረ ብረት ሲመጣ ማንንም አለማስነካት ነው። መካኒክ ሲባል መቼም ሁለቱን ስባሪ አንስቶ ካላገጣጠመ እንቅልፍ አይወስደውም። እሷ ታዲያ እጁን ቸብ ታደርገዋለች። “የተሰበረበት ገጽ ቃሉን የሚሰጠው አንዴ ነው። ካፋተግከው ቃሉን አጠፋኸው፣ በላብህ ከነካኸው በነጋታው ይዝጋል።” ለሾፌሮቹም ይህንኑ አስተማረች። መንገድ ላይ ብረት ከተሰበረ በዘይት ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ሳትነካኩ አምጡልኝ አለቻቸው። አብዲ “እንደ ሙሽራ?” አላት። “እንደ ሙሽራ” አለችው።

ስንጥቁን በዓይን የምናይበት መንገድ ቀላል ነበር። አክስሉን አውጥተህ ነጭ ጋዝ ውስጥ ትነክረዋለህ፤ ጋዙ ስንጥቅ ካለ ሰርጎ ይገባል። ከዚያ ጥርግ አድርገህ አድርቀህ የተበጠበጠ ቾክ ትቀባዋለህ። ትንሽ ስትቆይ ስንጥቁ የጠጣውን ጋዝ ይተፋና ነጩ ቾክ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ችግሩ፣ አክስል ማውጣት መኪናውን ግማሽ ቀን ያቆመዋል፤ ደጋ ላይ ደግሞ እህል የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ “በየሳምንቱ ማውጣት አይቻልም፣ መቼ መቼ እንደምናወጣ ንገሪን” አላት። ሰንጠረዣችን የተወለደው ከዚህ ነው። ይህ መኪና ይህን ያህል ጊዜ ደንገጎን ከወጣ አክስሉ ወጥቶ ይመርመር፤ ከዚያ በፊት ደህና ነው። ከታች ፈርማበታለች።

ለሰንጠረዡ ጭነቱን ማወቅ ነበረብን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ አስቀምጣ ስንት እንደሚጭኑ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ማርሽ እንደሚቀይሩ፣ መኪናው የት እንደሚያቃስት ጠየቀቻቸው። ስለ ኩርባው እያንዳንዱን ጉድጓድ በስሙ ነገሯት። ጭነቱ ጋ ስንደርስ ግን በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም መልሱ አንድ ነው፤ “በወረቀቱ ልክ።” መቼም የድሬ ሰው ነኝ፣ ከወሰን በኩል የሚመጣ ሩዝና ጨርቅ በምን እንደሚጓዝ አላውቅም አልልም። ግን ስንት? በእርዳታ እህል መኪና ላይስ? ኬላውና ፋይናንስ ፖሊሱ ባለበት ጊዜ ወረቀት ይዛ ለተቀመጠች የመንግሥት መሐንዲስ ይህን የሚናገር ሾፌር የለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷም ስለጠረጠረች ከወረቀቱ በላይ ጥቂት ጨመረችበት። ጥቂት።

አብዲ ደንገጎ ላይ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዳገቱ ላይ እያለ አክስሉ ተሰበረ። ፍሬኑ ብቻውን አልያዘለትም፣ መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ጠመዘዘው፤ መኪናው ተገለበጠ፣ ስንዴው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ገደል ባይገባም የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። እንዲያም ሆኖ ረዳቱን ጠርቶ መጀመሪያ ያዘዘው “አክስሉን በጨርቅ ጠቅልል፣ እንዳትነካው” ብሎ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀጥታ ወሰዱት። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ያውም በወገን እህል ላይ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ አልነበረም፤ ሚስቱ ጋራዡ በር ላይ መጥታ ያለቀሰችው ለቅሶ የሞተ ሰው ለቅሶ ነበር።

የሚያስረው ማስረጃ ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኛ ሰንጠረዥ። የዚያን ዕለት አብዲ የጫነው ተመዝኖ ቁርጥ በወረቀቱ ልክ ሆነ። ሰንጠረዡ ደግሞ ይህ አክስል ገና ብዙ ጊዜ ይሠራል ይላል። ጭነቱ ልክ፣ ብረቱ ደህና። እንግዲህ ሰው ካልሰበረው ምን ሰበረው? ጉዳዩን እንዲያይ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ በመጋዝ ገዝግዞታል አለ።

በጨርቅ የተጠቀለለው ስባሪ መጣልን። እትዬ ሰብለ ጨርቁን ስትፈታ እጇ ቀስ ያለ ነበር። ገጹ ንጹሕ ነው። ከትምህርት ቤት በተዋስነው ማይክሮስኮፕ ጎንበስ አለች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ እኔን አሳየችኝ። ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ ከጤፍ የምታንስ ጥቁር ነገር አለች፤ ብረቱ ሲቀልጥ አብሮ የቀረ ቆሻሻ። ከሷ ተነስቶ መስመር በመስመር እየሆነ ስንጥቁ ተስፋፍቷል፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፉ ሲጎድል አሸዋው ላይ እንደሚተወው መስመር። አንዱ መስመር አንድ የደንገጎ ጉዞ ነው። መጋዝ አልነካውም። ስንጥቁ ወራት ፈጅቶ ያደገ ነው።

“አልሐምዱሊላህ፣ አብዲ ወጣ በያ” አልኳት።

እሷ ግን በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካች፣ “ገምቺ” አለችኝ፤ ገመትኩ፤ አሰላሁ። መስመሮቹ ሰንጠረዣችን ከሚለው በጣም ተራርቀዋል። ስንጥቁ በእያንዳንዱ ጉዞ እጥፍ እየተራመደ ነው የሄደው።

“ይሄ የጉድጓድ ሥራ አይደለም፣ ዘይኑ” አለች። “ይሄ ጭነት ነው። የዚያን ቀን አልነበረም፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ጉዞዎች ሁሉ ግን ነበር።”

“እንናገር?”

“ከተናገርን አብዲ ከአሻጥር ወጥቶ በኮንትሮባንድ ይገባል። እሱ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም። ካልተናገርን ደግሞ ሰንጠረዡ ያስረዋል።” ቀትር ላይ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ላባችን ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ፈራሁላት። ሰንጠረዡ ተሳስቷል ካለች አሻጥረኛዋ እሷ ልትሆን ትችላለች። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት “አውቃለሁ” ብላ አስቆመችኝ።

ኮሚቴው ፊት አብዲን አምጥተው አስቀመጡት። ከስቷል። እኔ ለማስተርጎም ጎኑ ተቀምጫለሁ፤ ምንም እንኳ አማርኛው ከእኔ ቢበልጥ፣ ደንብ ነው።

ሰብሳቢው ጀመረ። “ጓድ ሰብለ፣ በእርስዎ ሰንጠረዥ መሠረት ይህ አክስል ሊሰበር ይገባው ነበር?”

“አይገባውም ነበር።”

“እንግዲያው የሰው እጅ አለበት።”

“የለበትም” አለችና ጨርቁን ፈታች። “ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ በእጅ ግን አትንኩ።” መስመሮቹን በእርሳስ ጫፍ እያሳየች ተናገረች፤ የትኛው ቀድሞ እንደተሠራ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የተገነጠለው የቱ እንደሆነ። ሰብሳቢው ሰነፍ ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

“ታዲያ ሰንጠረዡ ለምን ደህና ነው አለ?”

“ሰንጠረዡ ስሕተት ነው። ጭነቱን አሳንሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።”

“አሳንሼ ሲሉ መኪናው ከወረቀቱ በላይ ይጭን ነበር ማለትዎ ነው?”

አብዲ አንገቱን ቀና አደረገ።

“ወረቀቱ ላይ ያለው ኩንታል ነው” አለች እትዬ ሰብለ። “አክስል ግን የሚሸከመው ኩንታል ብቻ አይደለም። ዳገቱም፣ ኩርባውም፣ የማርሹ መቀያየርም ጭነት ነው። እኔ ሁሉንም ገምቼ አንዲት ቁጥር አድርጌ አስገባሁ። ያቺ ቁጥር አነሰች። ብረቱ ራሱ አንሳለች ይላል። የገመትኳት እኔ ነኝ፣ ፊርማው የኔ ነው።”

አንዲት ቃል አልዋሸችም። ሰውም አላሰረችም። እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል፤ ብዙ ደፋር አይቻለሁ፣ ብዙ ብልህም አይቻለሁ፣ ሁለቱን በአንድ አፍ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወላሂ ኮራሁባት።

አብዲ ተለቀቀ። እሷን አላሰሯትም፣ ስባሪው ብረት አዳናት። ከጋራዡ ግን አነሷት። መልካ ጀብዱ ያለው የአሮጌ ጎማ መጋዘን ኃላፊ አደረጓት። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ “ሰንጠረዡ ተሰርዟል” ብሎ ለጠፈ። በምትኩ ምንም አልመጣም። አክስል ሳይሰበር መመርመር የሚባል ነገር ቀረ፤ መኪኖቹ በአላህ ፈቃድ ደንገጎን ይወጣሉ።

አንድ ቀን በበርጫ ሰዓት፣ ሁሉም ጫቱ ላይ ሆኖ ጋራዡ ጭር ባለበት፣ አብዲ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ።

“ጻፊ” አለኝ።

“ምኑን?”

“ስም አትጻፊ። ሰሌዳም አትጻፊ። ጭነት ብቻ።”

ነገረኝ። ሩዝ፣ ስኳር፣ የጨርቅ ጥቅል፤ በየወሩ፣ በየጉዞው፣ ስንት ስንት። እጄ እስኪደነዝዝ ጻፍኩ። ስጨርስ “ሂድና ለእሷ ንገራት” አልኩት። “አልችልም። ዓይኗን ማየት አልችልም” አለ። በማግስቱ ሌላ ሾፌር መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ የሚያውቀው ሾፌር ነው፤ እሱ ራሱማ ምን በወጣው። ያን ሰሞን ድሬ ውስጥ ንጹሕ የሆነ ሾፌር ሁሉ አንድ ጥፋተኛ ጓደኛ ነበረው።

የስሌት ማሽኑን በፎጣ ጠቅልዬ መልካ ጀብዱ ወረድኩ። እትዬ ሰብለን ጎማ ቆጥራ ጨርሳ ባንኮኒው ላይ በሁለት ክርኗ ተደግፋ አገኘኋት። ወረቀቱን አነበበች፤ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችኝም። እጀታውን ተራ በተራ አዞርን። መልሱ የአብዲ አክስል ላይ ከለካናቸው መስመሮች ጋር ገጠመ። ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው። ሥራው ልክ ነበር። ከአረፋው ጀምሮ ያለው ፎቅ ሁሉ ልክ ነበር፤ የጎደለው እውነቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያው “ቀጣዩ የትኛው ነው?” አለች።

የተነገረንን ጭነት በየመኪናው የደንገጎ ጉዞ ብዛት ስናሰላ አንድ መኪና ወጣ። ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው “ተሰርዟል ብያለሁ” አለኝ። አብዲ ግን መካኒኮቹን ለምኖ፣ ሥራ አስኪያጁ በሌለበት አክስሉን አስወጣው። ጋዝ ነከርን፣ አደረቅን፣ ቾክ ቀባን። ቆመን ጠበቅን። ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ቀስ ብላ ወጣች፣ ዘንጉን ግማሽ ዞረችው። የመኪናው ሾፌር መሬት ላይ ቁጭ አለ። “ነገ ተረኛ ነበርኩ” አለ።

ወሬው በአንድ ቀን ጋራዡን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሌላ ከተማ ብናገር ማንም አያምነኝም። ደንገጎ ከድሬ በአንድ በኩል ነው፣ መልካ ጀብዱ በሌላው። ሾፌሮቹ እህሉን ከጫኑ በኋላ ወደ ደንገጎ ከመሄድ ይልቅ በተቃራኒው ወደ መልካ ጀብዱ መንዳት ጀመሩ። መጋዘኑ በር ላይ ይሰለፋሉ። እሷ ከባንኮኒዋ ሆና በእውነተኛው ጭነት የሠራነውን አዲሱን ሰንጠረዥ አይታ “ሂድ” ወይም “አክስልህን አስወጣ” ትላለች። እሷ “ሂድ” ሳትለው ዳገቱን የሚነካ የለም። ሥራ አስኪያጁ አስጠነቀቀ፤ እሺ ይሉታል፣ ይሄዳሉ። በስብሰባ ተቆጣ፤ አጨብጭበውለት ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ የነዳጁ ነገር አንገበገበውና ደብዳቤ ጻፈ። ታይፕ ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም፤ “ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል ጓድ ሰብለ ወደ ዋናው ጋራዥ እንድትመለስ” ይላል።

ልናመጣት የሄድነው አብዲና እኔ ነን። ስንዴ ጭኖ ደንገጎን ሊወጣ ነበር፤ በዚያው ጋራዥ ጥሏት ሊያልፍ። ጋቢናው ውስጥ እኔ መሀል ገባሁ። ኮሚቴው ፊት ከተያዩ ወዲህ ፊት ለፊት ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው። ሾፌሮቹ ሲመላለሱ እሱ ከመኪናው አይወርድም፣ ረዳቱን ነበር የሚልከው። ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። እሷም የተቀደደውን የመቀመጫውን ላስቲክ በጣቷ ትነካካለች። ሞተሩን አስነሳ።

“አብዲ” አለችው። “ዛሬ ምን ጫንክ?”

እኔ “በወረቀቱ ልክ” ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“የመንግሥቱ ስንዴ በወረቀቱ ልክ ነው፣ እትዬ” አለ። “ከሥሩ ስድስት ጆንያ ሩዝ አለ። የእኔ ነው።”

እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች፣ ሰንጠረዡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ደመረች።

“ስድስት ይችላል” አለች። “ሰባተኛውን እንዳታስበው።”

“እሺ፣ እትዬ” አለና ማርሽ አስገባ።